በገና ጨዋታ የጠፋው ዓይን

ዛሬ ከቡሬ ወጣ ባለ መስክ ላይ፣ ገና ስንጫወት፣ ሞላ የተባለው ገበሬ ጎረቤቴ ቀኝ ዓይኑን በዱላ ተመታ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ዓይኑ እንደማይተርፍ ነግሮናል።

የመታው የልብ ጓደኛው አለነ ነው። ጥንጓን፣ የጨዋታውን ኳስ፣ እመታለሁ ብሎ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ነበር።

ጨዋታው ሳይጀመር አንድ የስፖርት መምህር፣ «ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣ፤ ዳኛም ይኑረን» ብሎ ለምኖናል። ከእኛ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ልጄ፣ ገናን በፊሽካ ካጫወትንማ ሠርጉንም በፖሊስ እናስጠብቀው» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ጭምር።

ከአደጋው በኋላ አለነ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሣ። እኒያው ሽማግሌ ከለከሉት።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሏል። በደል ሳይኖር ምን ይቅርታ አለ? ዛሬ ካስታረቅን የከርሞው ገና በክስ ይጀመራል።»

የሞላ ባለቤት ሰምታ ኖሮ ወደ እኔ ዞረች። «ጌታዬ፣ እንግዲያ ልጆቹ ሲጠይቁኝ አባታችሁን ማንም አልጎዳውም ልበላቸው?»



አለነ ክልከላውን አልሰማም። ይህን ስጽፍ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ በጤና ጣቢያው በር ቆሟል። «አውርድ» ለማለት የሚደፍር ሽማግሌ አልተገኘም።

ወዳጆቼ፣ በእናንተ ደብር በጨዋታ ሰው ሲጎዳ ዕርቁን እንዴት ታደርጉታላችሁ? የምታውቁትን ዛሬውኑ ጻፉልኝ። ወደ በሩ ልሄድ ተነሥቻለሁ፤ ምን ብዬ እንደማወርድለት ግን ገና አላወቅሁም።