የኢማን አያት መንደር

ቅናትን ልጅ ሳለሁ የተዋወቅኩት በዓሣ ጭስ መሃል ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከአገር ርቀን፣ አውሮራ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ነው። እናቴ እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የከሰዓት ፈረቃ ስለምትሠራ፣ እሷ እስክትመለስ ድረስ የምቆየው ከእኛ በታች ባለው ፎቅ፣ ከክፍል ጓደኛዬ ከኢማን ቤት ነበር። የኢማን እናትና አባት ሱቃቸውን ዘግተው እስኪመጡ ሁለታችንን የሚጠብቁን አያቷ አባባ ሳሌህ ነበሩ።

አባባ ሳሌህ ያደጉት ከአሰብ በታች፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። ያኔ አገሩ አንድ ሳለ የመንደሯ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማኅተም ነበር ይሉናል። ዓርብ ዓርብ ዓሣ ይጠብሳሉ። በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ስለነበር ምድጃቸውን ይዘው መኪና ማቆሚያው ጥግ ይወርዳሉ፣ ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፣ ሎሚና በርበሬ ቀብተው ፍሙ ላይ ያጋድሙታል። እነሱ ሙስሊሞች፣ እኛ ጴንጤዎች ነን። እናቴ ሥጋ ከቤታቸው መብላቴን ባትከለክለኝም ብዙ ደስ አይላትም ነበር፤ «ዓሣ ከሆነ ግን ማን ባረደው አያጣላም» ብላ ፈቅዳልኛለች። ስለዚህ ዓርብ የእኔም ቀን ነበረች።

ዓሣው እስኪበስል ድረስ አባባ መንደራቸው ስሟን እንዴት እንዳገኘች ይነግሩናል። የመኪና ማቆሚያው መብራት ጭሱን ብጫ ያደርገዋል፣ እሳቸው በካርቶን ቁራጭ ፍሙን እያራገቡ፣ ሳይቸኩሉ፣ በዚያ የቢሮ ደብዳቤ ሲጽፉ በተማሩት ጥንቅቅ ያለ አማርኛ ይጀምራሉ።

ድሮ ቦታው ስም አልነበረውም። ዓሣ አጥማጆች በቀዝቃዛው ወራት ጀልባቸውን የሚያቆሙበት፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ግመል ጭነው ወደ ተራራው የሚሸሹበት ባዶ አሸዋ ነበር። አንድ ዓመት የአንዲት ዘይነብ የምትባል ሴት ባል ባሕር ገብቶ ሳይመለስ ቀረ። ሰዉ ጓዙን ሲጭን ዘይነብ አልሄድም አለች፤ ለመኗት፣ ተቆጧት፣ በመጨረሻም ጥለዋት ሄዱ። እሷ ትተውላት በሄዱት ውሃ ከንፈሯን እያራሰች፣ ማዕበሉ ከሚደርስበት ከፍ ብላ አሸዋውን በሳህን መቆፈር ጀመረች። አርባ ቀን ቆፈረች። የሚወጣው ሁሉ ጨው ነበር፤ በአርባኛው ቀን ግን የሚጠጣ ውሃ ወጣ። ሰዎቹ ሬሳዋን ሊቀብሩ ሲመጡ ውሃ ቀድታ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ወዲያ «ወዴት ነው?» የተባለ ጀልበኛ ሁሉ «ዘይነብ ጋ» ማለት ጀመረ። በኋላ መንግሥት መጥቶ መንደሯን በአንድ ሹም ስም ሰየማት፣ ሰሌዳም ተተከለ። የባሕሩ ጨው ቀለሙን በላው። እንደገና ተቀባ፣ እንደገና ተበላ። ለሦስተኛ ጊዜ የቀለም መግዣ ይፈቀድ ብለው ለበላይ የጻፉት አባባ ሳሌህ ነበሩ፤ የሹሙን ስም ዘለው «የዘይነብ ማዘጋጃ ቤት» ብለው ጻፉና ማኅተሙን አሳረፉበት። ማንም ልብ ሳይለው ጸደቀ። «ስም የሚያወጣው ሹም አይደለም፣ ጥም ነው» ብለው ይጨርሱና ዓሣውን ያገላብጣሉ።

እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። ኢማን መንደር አላት፣ ባሕር አላት፣ በማኅተም የመንደሯን ስም ያስመለሰ አያት አላት። የእኔ አያቶች በስልክ «እንዴት ነሽ፣ በርቺ» የሚሉ ድምፆች ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን እናቴን «ያደግሽባትን ኮተቤን ኮተቤ ያላት ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ምን አውቄ ልጄ፤ እስቲ እግሬን እሺልኝ» አለችኝ። ይባስ ብሎ ኢማን ያን ሁሉ ሀብቷን አትሰማውም ነበር። አማርኛዋ ከ«ነይ» እና ከ«እሺ» ብዙም አያልፍም፣ የአባባን የአፍ መፍቻ ቋንቋም አታውቅም፤ የአባባ እንግሊዝኛ ደግሞ ከዚያ አይሻልም። በመሃላቸው የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። «ምን አሉ?» ትለኛለች በእንግሊዝኛ። እኔም «አንዲት ሴት ጉድጓድ ቆፈረች» እላትና ሌላውን ሁሉ ለራሴ አስቀረዋለሁ። ይህን የማደርገው አውቄ ነበር።

ከዚያ አስተማሪያችን እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን የትውልድ ቦታ ታሪክ እንዲያቀርብ አዘዘች። ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ተራዬም ከኢማን ቀደመ። ቆምኩና የዘይነብን ታሪክ በእንግሊዝኛ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ፤ አርባውን ቀን፣ ግመሎቹን፣ ጨው የበላውን ሰሌዳ። «ማኅተሙን ያደረጉት የእኔ አያት ናቸው» ብዬ ጨረስኩ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ኢማን ስትጠራ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ሰማያዊ ባሕርና አንድ ጉድጓድ ሥላበታለች፤ ከእኔ ያገኘችው ይኸው ነበር። ወረቀቱን አየችው፣ አጠፈችው፣ «እኔ የአውሮራ ልጅ ነኝ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። እኔን ግን ያን ቀን አድምቆኝ ነበር፣ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ማታ አባባ ከሰሉን ሲያራግቡ ኢማን መጥታ ፊት ለፊታችን ቆመች። ዓይኗ አብጧል። በእንግሊዝኛ፣ «ያደረግሽውን ንገሪያቸው» አለችኝ። ሌላ የሚነግርላት ሰው አልነበራትም።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ አባባ።

«ትምህርት ቤት ደክሟት ነው» አልኳቸው።

ኢማን ከምታውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዱን አወጣች። «ውሸት» አለች።

አባባ ካርቶኑን አስቀመጡ። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ምን ያህሉ እንደገባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። «ልጄ፣ ዛሬ አንቺ አታስተርጉሚ» አሉኝ፤ በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ኢማንን አጠገባቸው አስቀመጧትና በዚያ ስብርብር እንግሊዝኛቸው ጀመሩ።

«ዋን ሌዲ» አሉ። «ኔም ዘይነብ። ሃዝባንድ ጎ ሲ። ኖ ከም ባክ።»

ያ ሁሉ ውብ ቋንቋ የለም። ግመሎቹን በእጃቸው ነው ያሳዩት፣ «ጨው» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ቢጠፋቸው ምላሳቸውን አውጥተው ፊታቸውን አኮሳተሩ። ኢማን ሳቀች፣ ወደ ክንዳቸውም ተጠጋች። እንዲህ ስትሰማቸው አይቻት አላውቅም። ከዚያ እኔ ያን ሁሉ ዓርብ ሰምቼ አንድ ቀን ያልጠየቅኩትን ጠየቀች፤ ሴትዮዋ ለምን አብራቸው አልሄደችም?

አባባ «ሺ ዌይት» አሉ። «ኤቭሪ ደይ ሉክ ሲ።»

በአማርኛው ይህ አልነበረም። ዘይነብ በየቀኑ ባሕሩን እያየች ባሏን ትጠብቅ እንደነበር ለእኔ ተነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም አላሰብኩትም። ሳህኔን እንደያዝኩ ዓሣው በእጄ ላይ በረደ። ያን ምሽት የተሰማኝን ያህል ቅናት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ተሰምቶኝ አያውቅም። እናቴ መጥታ የመኪናዋን ጥሩምባ ስትነፋ አባባ እንደ ወትሮው የእሷን ድርሻ በፎይል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከማባረር ያልተናነሰ ደግነት መሰለኝ።

ኢማንን ይቅርታ የጠየቅኳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ አባባም አርፈዋል። ባለፈው ሰሞን ቤቷ ሄጄ ሳለ ለልጇ የዘይነብን ታሪክ በእንግሊዝኛ ስትነግረው ሰማሁ። አርባውን ቀን አንድ ቀን አደረገችው፣ ሰሌዳውን ጭራሽ ዘለለችው፣ ማኅተሙ የማን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔ ግን ሁሉንም እንደያዝኩት አለሁ፣ የአባባን የትንፋሽ ማረፊያ ሳይቀር በአማርኛ አውቀዋለሁ። ላርማት አፌ ድረስ መጣ። ያ የድሮው ቃጠሎ ሳያረጅ፣ ሳይደክም፣ እዚያው ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ልጁ ዞር ብሎ፣ «አንቺስ ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት። «እናትህ ትንገረን።»