ቁጭ ያለው ኤልፍ

አፀደ ሾላ ገበያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቆማ ትውላለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን መሪ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤታችን መምህር እንድርያስ ቤት እንሰበሰብና እንጫወታለን። ጨዋታው በወረቀት፣ በእርሳስና ዕጣ በሚጣልበት ባለቁጥር ጠጠር፣ በዳይስ ነው፤ እንድርያስ ታሪኩን ይተርካል፣ እኛ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን እንገባበታለን። ገጸ ባሕርዩ የሞተበት ተጫዋች ታሪኩ እስኪያልቅ አይመለስም፤ አንዱ ታሪክ ደግሞ ዓመት ይፈጃል። አፀደ ከዚህች ከሰዓት በቀር እረፍት የላትም።

ሌሎቹ በሙሉ ኤልፍ መርጠዋል። ኤልፍ ማለት ጆሮው የሾለ፣ መልኩ ያማረ፣ ሺህ ዓመት የሚኖር ፍጡር ነው። አያረጅም፣ ጫማውን ጭቃ አይነካውም። የጨዋታውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ኤልፍ ሲጦም፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ የታመመ ሲጠይቅ አንድም ቦታ አላገኘሁም። ለእንዲህ ያለው ፍጡር ያን ያህል ዕድሜ ምን ይሠራለታል? አፀደ ግን ሰው መረጠች፤ ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷን የሚያማት በቅሎ ነጂ።

አንድ እሁድ በታሪኩ ውስጥ የበቅሎ ነጂዋ መንደር ከተራራ ሰዎች ጋር በምንጭ ውሃ ተጣላ። እርቅ ካልወረደ በማግስቱ መንደሩ ይቃጠላል፣ እሷም ትሞታለች። ሽማግሌ መላክ አስፈለገ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ምሥጋና፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው የባንክ ሠራተኛ። «የኔ ኤልፍ አራት መቶ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ከሱ የበለጠ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?»

«አራት መቶ ዓመት ጸጉሩን ሲያበጥር የኖረ!» አለች አፀደ። «ማንን አስታርቆ ያውቃል?»

«እትዬ አፀደ፣ ይሄ ቅናት ነው።»

«በምኑ ልቅና? በጆሮው?»

ምሥጋና ሄደ። እንድርያስ የተራራ ሰዎቹን ሆኖ ተቀበለው፣ ወንበር ሰጠው፣ ማር አቀረበለት።

«ኤልፌ ቁጭ አለ» አለ ምሥጋና። «ማሩንም ቀመሰ። አሁን ጉዳዬን ልናገር።»

አፀደ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«አንተ! ሽማግሌ ለልመና ሄዶ እሺ ሳይባል ይቀመጣል? አፉ ላይ ያደርጋል?»

«መጽሐፉ ላይ የለም እኮ!»

«ለእህትህ ሽማግሌ ሲመጣ የት ነበርክ? መስታወት ፊት?»

እንድርያስ ራሱን ነቀነቀ። «ከበላህማ ምን ቀረህ? ለማር ነው የመጣው ብለው ሳቁብህ። አባረሩህ። ችቦ እያዘጋጁ ነው።»

አፀደ ከወንበሯ ተነሣች። «በቅሎ ነጂዋ ደጃቸው ቆማለች። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ውሃውን እንካፈል።»

«ይቀመጡ እናቴ ይላሉ» አለ እንድርያስ።

«እሺ ሲሉኝ እቀመጣለሁ።»

ዳይስ እንኳ አልጠየቀችም። ሌሎቹ ተራቸውን ተጫወቱ፤ እሷ ሳምንቱን ሙሉ በቆመችበት እግር ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቆመች። ምሥጋና ሁለቴ ወንበር አቀረበላት፤ ሁለቴም ገፋችው።

በመጨረሻ እንድርያስ እርሳሱን አስቀመጠ። «እሺ ብለናል እናቴ። ውሃው የጋራ ነው።»

አፀደ ያኔ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ማሸት ጀመረች። በሚቀጥለው እሁድም አብራን ናትና በልቤ ተመስገን አልኩ። ኤልፉማ ምን ይሆናል? እንዳማረበት ነው።