ጓደኛ ያልነበረው ገብስ

መምህር አንሙትን የመንደሩ ሰው «ሰው አይደለም፣ ጥያቄ ነው» ይለው ነበር። ደብረ ማርቆስ የሚያስተምርበት ቤት ጣሊያን ሲገባ ተዘጋና አምበር አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ተመለሰ። እዚያም አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ሰባት ልጆች ወይራ ሥር ሰበሰበ። መጽሐፍ የለ፣ ሰሌዳ የለ። ባቄላ በጥላና በፀሐይ አብቅለው በስንዝር ይለካሉ፤ ድንጋይና ላባ ከገደል አፍ ይለቃሉ፤ የወንዝ ውሃ አፍልተው ከድስቱ ሥር የቀረውን ያያሉ። ሕጉ አንድ ነበር፤ ለሚፈተነው ነገር ሁሉ ያልተነካ ጓደኛ ይቀመጥለት። «ጓደኛ የሌለው ፈተና ምስክር የሌለው ዳኝነት ነው» ይላቸዋል።

በ1930 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጣሊያን «አርበኛ አብልታችኋል» ብሎ መንደሩን አቃጠለ። የተረፈው ከቤቶቹ ሥር በጉድጓድ የተቀበረ ገብስ ብቻ ነበር፤ እሱም ጭስ ጭስ ይሸታል። ይዘራ ወይስ ይበላ? እሳቱ ገድሎት ከሆነ መዝራቱ እህል መጣል ነው፤ በሕይወት ካለ ደግሞ መብላቱ የከርሞን ጉሮሮ መዝጋት ነው። ሽማግሌው አያ ውበቱ መጥተው፣ «የተማርህ አንተ ነህ። ያልኸውን እናደርጋለን» አሉት።

አንሙት መቶ ፍሬ ቆጠረ። ከቃጠሎው ከተረፈው ጓዝ አንድ ጨርቅ መዘዘና በውሃ አርሶ ጠቀለለበት።

«የኔታ፣ ጓደኛውስ?» አለችው ከሰባቱ ልጆች አንዷ፣ የብርጓል።

«እሳት ያልነካው ገብስ ከየት ይምጣ? አገሩ እንደሆነ ነዷል።»

ደብረ ኤልያስ ገበያ ቢወርድ አንድ እፍኝ አያጣም ነበር። ግን ሰው ቸኩሏል፣ እሱም ቸኮለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው የሚለቀም አልነበረም።

በስምንተኛው ቀን ጨርቁ ሲፈታ አንድም አልበቀለም። መንደሩም ገብሱን በላ። በሚያዝያ ቢዘራ ነሐሴ ላይ በደረሰ ነበር፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ረሃብ አምስት ሕፃናት አስቀበረ። አንዱ የየብርጓል ታናሽ ወንድም፣ የአራት ዓመቱ ማሬ ነበር።

መስከረም ላይ በአያ ውበቱ ጉድጓድ አፍ፣ እህሉ ሲወጣ የፈሰሰው ገብስ በቅሎ፣ አሽቶ ተገኘ። አንሙት ተንበርክኮ ዛላውን ዳሰሰ። ከዚያ ጨርቁን ፈልጎ ሚስቱን ማንጠግቦሽን፣ «ይህ የምን ነው?» አላት።

«አሞሌ የምቋጥርበት ነዋ! ጨው ያለቀብኝ ቀን አርሼ ወጥ ላይ እጨምቀዋለሁ። ምነው?»

ምላሱን አስነካው። አሁንም ጨው ጨው ይላል። ያን ዕለት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ለሕዝቡ ተናዘዘ። አያ ውበቱ፣ «ልጄ፣ ያቃጠለን ሌላ፤ አንተ ምን አደረግህ?» አሉት። ቃሉ ደግ ነበር፤ አንሙትን ግን አላሳረፈውም።

ኅዳር ላይ የዚያን ገብስ ዛላዎች ፈልፍሎ መቶ ፍሬ በታጠበ ጨርቅ፣ መቶ ፍሬ በአሞሌው ጨርቅ ጠቀለለ። የቆጠረችው የብርጓል ናት። ከታጠበው ዘጠና አንድ በቅሏል፤ ከአሞሌው ምንም።

«ጻፊ» አላት።

«ምን ብዬ?»

«ገብሱን እሳት አልገደለውም ብለሽ።»

በከሰል ገል ላይ ጻፈች። ቀና ሳትል፣ «የኔታ፣ ያን ጊዜ ጓደኛውስ ብዬ ነበር» አለች።

«ብለሽ ነበር።»

ገሉን ገለበጠችና በጀርባው «ማሬ» ብላ ጽፋ እጁ ላይ አኖረችለት።