ሳልበድል ይቅርታ አልጠይቅም ያልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጄ ገና መዳህ ስትጀምር ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው፣ ሰው ሁሉ ተሳስቶ እኔ ብቻዬን ልክ የሆንኩበት ጊዜ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

የምንኖረው መካኒሳ አቦ አካባቢ ነበር። ባለቤቴ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ ክር ፋብሪካ እሠራ ነበር። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ከእሱ ሌላ ወንድ አላውቅም።

አንድ ሰሞን አተኮሰኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ሽንቴን ስሸና እንደ እሳት ያቃጥለኛል። በሁለተኛው ቀን ብልቴ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ነገሮች ወጥተው ፈነዱ። ከባሌ ደብቄ የት እደርሳለሁ? ነገርኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ የአባላዘር በሽታ ነው። እኔ ጤነኛ ነኝ። ከየት አመጣሽው?»

«ከቤትና ከፋብሪካ በቀር የት ስሄድ አየኸኝ?»

«እኮ! ፋብሪካ!» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ልብስ መስፊያው ቤት ማደር ያዘ። ልጃችንን ሊያይ ሲመጣ እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም። በሳምንቱ እሁድ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

ሦስት ነበሩ። ዋናው አጎቱ ጋሽ ዘርጋ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትዳራችን እንዳይፈርስ ብቻ ነበር የሚሹት። «ዘነበች ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል። ይቅርታ በይውና እናስታርቃችሁ» አሉኝ።

አንዲት ቃል ናት። ብላት ቤቴ ይተርፍልኛል። አፌ ላይ ደርሳም ነበር። ግን እሷን ካልኩ ዕድሜ ልኬን ባሌን ያታለልኩ ሴት ሆኜ ልኖር ነው።

«ጋሼ፣ ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ አልታረቅም» አልኳቸው። «ሁለታችንም ጤና ጣቢያ እንሂድ። ጥፋቱ የእኔ ነው ከተባለ በገዛ እግሬ እወጣለሁ።»

ጋሽ ዘርጋ ወደ ባሌ ዞሩ። «እሷ ካልፈራች አንተን ምን ያስፈራሃል?» አሉት።

ሰኞ ሄድን። መንገዱን ሁሉ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ነበርን። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘናቸው ሲስተር ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መረመሩኝና ሁለታችንንም አስቀመጡን።

«የብልት ሄርፒስ ይባላል» አሉ። «ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች የምንለውን ታውቁ የለ? የእሱ ዘመድ ነው። በግንኙነት ጊዜ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ይተላለፋል። አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም፤ ተኝቶ ይቆይና አንዳንዴ ይነሳል።»

ወልዴ አቋረጣቸው። «እኔ ላይ ምንም የለም ሲስተር። ታዲያ ከየት መጣባት?»

«ምንም ሳይታይበት የሚይዘው ሰው አለ፤ ምንም ሳይታይበትም ያስተላልፋል። ዓመታት ሳያውቁት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ይሄን ቁስል አይቶ መቼ፣ ከማን እንደመጣ የሚናገር ሐኪም የለም። እስቲ አንተ ንገረኝ ልጄ፤ ከመጋባታችሁ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶብህ አያውቅም?»

ወልዴ አቀረቀረ።

«ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምቼ ሳለሁ…» አለ በመጨረሻ። «አንድ ሁለት ጊዜ ወጥቶብኝ ነበር። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። በራሱ ጠፋ፤ ረሳሁት።»

ሲስተር አልተቆጡትም። «አለማወቅህ ጥፋት አይደለም። ሳትጠይቅ መፍረድህ ነው ጥፋቱ» ብለው ወደ ምክሩ ገቡ። ማሳከክ ወይም ማቃጠል ከጀመረ፣ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን ድረስ ግንኙነት ማድረግ የለብንም። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይከለክልም። ሳረግዝ ለአዋላጇ መንገር አለብኝ። «ከሁሉ በላይ ግን አትደባበቁ» አሉን።

ስንመለስ አጠገቤ ሆኖ ሄደ።

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎቹ ከተፍ አሉ። የጠራቸው ራሱ ወልዴ ነው፤ እኔ አላወቅሁም። ፊታቸው ቆመና «በሽታው ከእኔ ነው የመጣው» አላቸው። «ያስያዝኳት ሳላውቅ ነው፤ ያዋረድኳት ግን እያወቅሁ ነው።» እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ይዤ አነሳሁት።

ጋሽ ዘርጋ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሏቸው። «እኛም በድለንሻል፤ ይቅር በይን» አሉኝ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ! የዚያን ዕለት ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

በሽታው አልፎ አልፎ ይመለስ ነበር፤ እያደር ግን እየቀለለ ሄደ። «ዛሬ ደህና አይደለሁም» መባባል ይበቃናል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ማንንም አልጠረጠረም። ሁለት ልጆች ደግሜ በሰላም ወልጃለሁ። አሁንማ የሚያስታግሰው ክኒንም አለ።

ያቺ ስትድህ የነበረች ልጄ ልታገባ ስትል፣ ከእጮኛዋ ጋር ተመርምረው፣ ያለባቸውን ሳይደባበቁ ተነጋግረው እንዲጋቡ የመከራት አባቷ ነው። የእኛን ታሪክ አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ የራሱን ጥፋትም ጭምር። ከጓዳ ሆኜ ስሰማው በባሌም በራሴም ኮራሁ። እስከ ዛሬም እኮራለሁ።