ከጋሽ ታደሰ ሳክስፎን ላይ ያነሳኋት ቁራጭ ነሐስ

ኮልፌ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ መፍቻ አልሰጡኝም። የሰጡኝ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ነው። ስሱን ወረቀት በሳክስፎኑ ቀዳዳና በክዳኑ መሀል አስገብቼ፣ ክዳኑን ተጭኜ፣ ቀስ ብዬ እንድስበው አሳዩኝ። ወረቀቱ ከተያዘ ክዳኑ ገጥሟል፤ ሾልኮ ከወጣ አየር ያስወጣል። የዚያን ቀን እናቴ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አግኝታ ማጨስ የጀመርኩ መስሏት ነበር። እስካስረዳት ድረስ ስትጸልይልኝ ቆየች።

ጋሽ ሸምሱ ድሮ የመኪና ራዲያተር ነበር የሚበይዱት። አንድ ሙዚቀኛ የተጨረማመተ ሳክስፎን ሲያመጣላቸው ሁለቱም ነሐስ ናቸው ብለው ገቡበት፤ በዚያው ቀሩ። ሳክስፎን ከአፉ ጠቦ እየሰፋ የሚወርድ ቱቦ ነው። ቀዳዳዎቹ ክዳን አላቸው፤ ከክዳኑ ሥር ደግሞ በቆዳ የተሸፈነ ትንሽ ትራስ አለ። ላይኛው ክዳን ትንሽ ካስተነፈሰ የታችኞቹ ድምፆች ሁሉ ይበላሻሉ።

በሦስተኛው ዓመቴ ጋሽ ሸምሱ ለለቅሶ ወልቂጤ ሄደው ሳለ ጋሽ ታደሰ ከዘነበወርቅ መጡ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳክስፎን የሚጫወቱ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ልጃቸው ታገባለች፤ በሰርጓ ሊጫወቱላት ነው። ግራ እጃቸውን ከኮት ኪሳቸው ሳያወጡ ሳክስፎኑን አስረክበውኝ ሄዱ።

ፈታሁት። በግራ ትንሿ ጣት የሚነካው ቁልፍ ላይ አንዲት የተጣመመች ቁራጭ ነሐስ ተበይዳለች። የማን ዝርክርክ ሥራ ነው ብዬ አነሳኋት፤ ቁልፉን ሞርጄ አቃናሁት። ትራሶቹን ቀየርኩ። ወረቀቱ በሁሉም ቀዳዳ ላይ ተያዘ። በራሴ ኮራሁ።

ዓርብ ጋሽ ታደሰ መጥተው ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለቱ የመጨረሻ ጣቶች በቆየ ሕመም ታጥፈው ቀርተዋል። መጫወት ጀመሩ። ወደ ታችኛው ድምፅ ሲወርዱ ትንሿ ጣት ቁልፉን ፈልጋ አጣችው፤ ድምፁ ተቆረጠ። ደግመው ሞከሩ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ አንዲት ነገር ነበረች። የት አደረግሻት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ትርፍ መስላኝ እንደጣልኳት ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቀስ ብለው ተቀመጡና ሰርጉ ነገ እንደሆነ ብቻ አስታወሱኝ።

ያኔ ጋሽ ሸምሱ ከመንገድ ገቡ። ለካ ያችን ቁራጭ የበየዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቁልፉን አገላብጠው አዩት።

«ስታነሻት እጁን አይተሽ ነበር?»

«አላየሁም።»

«እንግዲህ አሁን እያየሽ ሥሪው።»

ይህን ብለው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። አዲስ ነሐስ ቆረጥኩ። እበይዳለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ጋሽ ታደሰ ይሞክራሉ፣ ትንሽ ወደ ውጭ ይሉኛል። አራት ጊዜ አፈረስኩ። በአምስተኛው ጣታቸው ቁልፉ ላይ አረፈች፤ ወፍራሙ ድምፅ ሳይቆረጥ ወጣ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማ። እኔ አለቀስኩ። ሻያቸውን ጠጥተው የተመለሱት ጋሽ ሸምሱ የብየዳው ጭስ ነው እያሉ አሾፉብኝ።

ሰርጉ ላይ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው፣ ግራ እጃቸውን ሳይደብቁ ለልጃቸው ተጫወቱላት።

አሁን ሱቁን የምይዘው እኔ ነኝ። ሳክስፎን ሲመጣልኝ ከመፍታቴ በፊት ባለቤቱ አንድ ጊዜ እንዲጫወትልኝ እጠይቃለሁ። ሲጫወት ጣቶቹን አያለሁ።