ሲጻፍ አትንኩ

ባለፈው ሳምንት ወልዲያ ላፕቶፕ ስገዛ የዲስክ ማስገቢያ እንደሌለው አየሁና ጠየቅሁ። ሻጩ ሳቀ። «አሁን ዲስክ ማን ይጠቀማል?» አለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ወደ መርሳ ስመለስ ሚኒባሱ ሲሪንቃን እስኪያልፍ ድረስ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ በቀረበበት ክረምት መርሳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ቤት ነበረኝ። ወጣት ነበርኩ፤ በሙያዬም እኩራራ ነበር። ኩራቴ ዲስክ አለማበላሸቴ ነው። ዲስክ አንዴ ከተጀመረ እስኪያልቅ ሳይቋረጥ መጻፍ አለበት። ኮምፒውተሩ ፊልሙን ባፈር በሚሉት ማቆያ እያጠራቀመ ያቀብላል፤ መጻፊያው ከዚያ እየቀዳ ይጽፋል። ማቆያው ባዶ ከቀረ እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ነው፤ መሽከርከሩን ይሽከረከራል፣ የሚጻፍ ግን የለም፤ ዲስኩም ተጣለ ማለት ነው። አዳዲሶቹ መጻፊያዎች ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ የእኔው አሮጌ ግን ምሕረት አያውቅም። ስለዚህ ፊልሙን አስቀድሜ ወደ ሃርድ ዲስኩ እገለብጣለሁ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ እዘጋለሁ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አደርጋለሁ። ከዚያ ማንም እንዳይነካው እጄን ማውሱ ላይ ጭኜ ዘብ እቆማለሁ። ግድግዳው ላይ ሳይቀር «ሲጻፍ አትንኩ» ብዬ ለጥፌ ነበር።

አንድ ዝናባማ የሐምሌ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ከውርጌሳ መጡ። የልጃቸውን የአህመድን ሠርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አህመድ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዘምቷል።

«እናቱ እንቅልፍ አጣች» አሉኝ፣ የበሰበሰ ጋቢያቸውን እያራገፉ። «ፎቶውንስ አየችው፤ ድምጡን ልስማ ነው የምትል። ዴኩ አለን፣ ሲዲዋን ብቻ።» ከጋቢያቸው ስር አንድ ፌስታል ማንጎ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

የቀረችኝ ባዶ ዲስክ አንዲት ነበረች። መንገዱ በጦር መኪና ተጨናንቆ ከደሴ ዕቃ መምጣት አቁሞ ነበር። «ይቀመጡ ጋሽ ሰይድ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው» ብዬ ጎረቤት ሻይ ቤት አስቀመጥኳቸው፤ ሻይና ፓስቲ አዝዤላቸው ተመልሼ ጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ስደርስ የዘማች ሽኝት አስተባባሪ ነኝ የሚል ሰው ፍላሽ ይዞ ገባ። ደጄ ላይ ያለው ትልቅ ስፒከር ከኮምፒውተሬ ጋር የተያያዘ ነበር።

«ልጆቹ መኪና ላይ እየወጡ ነው። ይቺን ዘፈን ልቀቅ!»

«ዲስክ እየጻፈ ነው፤ ከተነካ ይበላሻል። አሥር ደቂቃ ይታገሡኝ።»

«አገር እየተወረረ አንተ ሠርግ ትጽፋለህ? ለመሆኑ ከማን ወገን ነህ?»

ያን ጊዜ ይህ ጥያቄ ሰው ያሳስር ነበር። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። ፍላሹን ራሱ ሰካና ዘፈኑን ከፈተው። ከባድ ቪዲዮ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ተንገዳገደ። የማቆያውን ልክ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር አጠረ፣ አጠረ፣ ጠፋ። መጻፊያው ዲስኩን ተፋው። ደጅ ዘፈኑ ያስገመግማል።

«አለቀ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሰይድ ከሻይ ቤቱ ተመልሰው።

«ተበላሸ። ማሽኑ አሮጌ ነው። እስከ ማክሰኞ ሌላ ዲስክ አፈላልጋለሁ» አልኳቸው። ይህን ስል ሰውዬው አጠገቤ ቆሟል።

«አብሽር ልጄ፣ አላህ ያላለው ነው» ብለው አጽናኑኝ። እሳቸው እኔን!

ከማክሰኞ በፊት ሽሽት ሆነ። ስንመለስ ቤቴ ተዘርፎ ኮምፒውተሩ ከነሠርጉ የለም። የካሜራውን ሜሞሪ ለሌላ ሠርግ ብዬ አጥፍቼው ነበር። ያን ቀን ፊልሙን ወደ ስልኬ እንኳ መገልበጥ እችል ነበር፤ አላሰብኩትም፤ በዚህ ራሴን ስረግም እኖራለሁ። ቆይቶ የአህመድ መርዶ ገባ።

ሰውዬው ዛሬም መርሳ አለ። ሲያገኘኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንዴት ነህ ጎበዝ?» ይለኛል። ያደረገውን የሚያስታውሰው አይመስለኝም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ጋሽ ሰይድን ግን በገበያ ቀን ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። በቀደም ሳላያቸው ያዙኝ። «ምነው ጠፋህ ልጄ? እናቱም ሰላም በልልኝ ትላለች። አላህ ያላለውን ማን ያመጣዋል?» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ተሰናበትኳቸው።

አላህ ምን አደረገ? የሆነውን አላውቅ ይመስል ማሽኑ ላይ አላከክሁ። ከዚያ ወዲህ ስናደድ ኖርኩ፤ ንዴቱ ግን የእሳቸው መብት ነበር። እውነቱን ደብቄ እሱንም ነጠቅኳቸው።