ውሃው የት ይሄዳል

ሲይዙኝ በእጄ የነበረው ባዶ ጀሪካን ብቻ ነው።

ከአገር ወጥተን በምንኖርበት፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ የውሃ ቦቴ መምጣት ካቆመ ሰንብቷል። የዚያን ጠዋት አንዲት ሴት በስልካችን የድምፅ መልእክት ላከች። በአማርኛ ነው። «ጀሪካናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ቤት ከተቀመጥን ማንም አያየንም» ትላለች። እኛ ኢትዮጵያውያቱ ከሶማሌ ጎረቤቶቻችን ጋር ወጣን። ሰው ፊት መቆም ስለማልወድ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ፖሊሶቹ የመጡት ግን ከኋላ ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው። ወለሉ ጥግ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። እናቴን በዕድሜ የሚያክሉ አንዲት ሴት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። በሶማሊኛ ሰላም አሉኝ። ለሁለታችን የተሰጠን ውሃ አንድ ጣሳ ነበር። ለዉዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠብ፣ ከምናውለው እንጠጣው ብለን በግድግዳው አቧራ ፊትና እጃችንን አብሰን፣ ተየሙም አድርገን ሰገድን።

መቀመጥ አቃተኝ። ታናሽ እህቴን ብቻዋን ቤት ትቻት ነው የወጣሁት። ከበሩ እስከ ቀዳዳው እመላለሳለሁ፤ ሐሳቤም እንደ እግሬ አያርፍም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ፣ ሳልጠይቀው የቀረ ነገር ብዙ ነው። ለራሴ በአማርኛ አጉረመረምኩ፤

«በርበራ ያ ሁሉ ባሕር ተኝቶ እኛ እንጠማለን። ጨዉን ማን ጨመረበት?»

«ወንዝ ነዋ!» አሉ ሴትዮዋ በአማርኛ። «አቦ፣ ድንጋዩን እያጠበ ጨው ይዞ ይወርዳል። ፀሐይ ውሃውን ብቻ ታነሳለች፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል።»

ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔም ቆምኩ። ጠዋት በስልክ የሰማሁት የሴትዮዋ ድምፅ ነው።

«ድሬዳዋ ነው ያደግኩት» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ አማርኛ እንደማልችል ነው የነገርኳቸው። አስተማሪ ነበርኩ፤ ጥያቄ ስሰማ አያስችለኝም።»

ስማቸውን ሊነግሩኝ ሲሉ «አይንገሩኝ» አልኳቸው። በምትኩ ጥያቄ አመጣሁ።

«የምንጠጣው ውሃ አዲስ ነው?»

«የት አባቱ! ሰው ሳይፈጠር የነበረው ነው የሚዞረው።»

«ማርስ ላይም አለ ይላሉ።»

«በረዶ ሆኖ አለ። ምነው፣ ጀሪካን ልትልኪ ነው?»

«ካላለቀ ታዲያ እኛ ጋ ለምን አይደርስም?»

«አያልቅም፣ ቦታ ይቀይራል። ምድር ስትሞቅ ዝናቡ ጠባዩ ይበላሻል፤ አንዱ ጋ ይቀራል፣ አንዱ ጋ ጎርፍ ይሆናል።» ትንሽ አሰቡ። «ቦቴው የቀረበትን ምክንያት ግን ሰማይን አትጠይቂ።»

ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። መኮንኑ የጠዋቱን መልእክት በስልክ አሰማኝ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ አለ፤ ጠርሙሱ ውጩ ላብ አውጥቷል።

«የማን ድምፅ ነው? ከነገርሽኝ አሁኑኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እምቢ ካልሽ ነገ በወጃሌ ድንበር ትሻገሪያለሽ» አለኝ።

እህቴ በሩን ከፍታ ስትጠብቀኝ ታየችኝ። ሻርፔን አስተካከልኩ።

«ድምፁ ባይመጣም እወጣ ነበር» አልኩ። «ቤቴ ውሃ አልነበረም።»

ባለሥልጣን ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

«የማን ነው ነው ያልኩሽ!»

ዝምታ ድሮም እችልበታለሁ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ በመጨረሻ ጠርሙሱን ገፋልኝ። «ውሃ ውሃ ስትሉ አልነበር? ይዘሽልኝ ጥፊ።»

ስመለስ ሴትዮዋ ቆመው ጠበቁኝ። ፊቴን አዩ እንጂ አልጠየቁኝም። ግማሹን ለመጠጥ ጣሳው ውስጥ ገለበጥኩ።

«እናቴ፣ እጅዎን ይዘርጉ።»

«ኧረ ተይ፣ ይባክናል!»

«አያልቅም አላሉም?»

ዘረጉ። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን እስኪታጠቡ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩላቸው። ውሃው ወለሉን አቋርጦ በቀዳዳው ወረደ። ሁለታችንም ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥነው።

በማግስቱ ወደ ድንበሩ የሚወስደኝ አልመጣም። ቆይተው ለቀቁኝ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። እሳቸው እዚያው ነበሩ። አሁን የት እንዳሉ የምጠይቅበት ስም የለኝም።

ሰፈሬን አልቀየርኩም። ቦቴው ሲመጣ ዛሬም የምሰለፈው ከኋላ ነው። ከበርበራ በኩል ደመና ሲመጣ ግን የያዝኩትን ትቼ እወጣለሁ። እህቴ «ምን ጠፋብሽ?» ትለኛለች። በዚያ ቀዳዳ የወረደው ውሃ ስንት ቦታ ዞሮ ይሆን እያልኩ፣ ደመናው እስኪያልፍ አንጋጥጬ እቆያለሁ።